የሥጋ ጥንቸል በጓሮ፣ ያለ ፋብሪካ መኖ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ያዋጣል?

ጠባሴ ሰፈር
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። ከቤቴ ጀርባ ሰፋ ያለ ጓሮ አለኝ፤ ሣር ይበቅልበታል፣ አጥሩን ተከትዬም ትሪ ሉሰርን (የመኖ ዛፍ) ተክያለሁ። የሥጋ ጥንቸል ላረባ አስቤያለሁ። የፋብሪካ መኖ የሚቀመስ አልሆነም፤ በሰፈራችን ዶሮ ጀምረው የነበሩት የዘጉት በመኖ ምክንያት ነው። ስለዚህ በሣር፣ በድርቆሽና ከጓሮ በሚተርፈው፣ ከተቻለም ያለ መድኃኒት ማሳደግ ነው ፍላጎቴ።

የምጠይቃችሁ፦ ውርጩን ይችሉታል? በሣር ብቻ ሥጋ ይይዛሉ? መሬት ላይ ተለቀው ይደጉ ወይስ የሽቦ ቤት ይሠራላቸው?

የሃይማኖቱን ነገር አውቀዋለሁ። እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አልበላውም። ለሽያጭ ነው። ለመስደብ የመጣችሁ ካላችሁ ይቅርብኝ።

ሞላሌ ዳገት
የመንዝ በግ አጠገብህ እያለ ጥንቸል! እውነትም ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ጠባሴ ሰፈር
ሞላሌ፣ በጉን የት ላሰማራው? አስፋልት ላይ?

ሀኪመ ከብት
ዶክተር ብላችሁ እንዳትጠሩኝ፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ።

ስለ ብርዱ አትስጋ። ጥንቸል ከሙቀት ይልቅ ብርድ የሚችል እንስሳ ነው። ደስ የሚለው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለው አየር ነው፤ ከዚያ ቢወርድም ጸጉሩ ደረቅ ከሆነና ነፋስ ካልመታው ደህና ያድራል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት ጀምሮ የሚወርደውን ውርጭ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥንቸሉን የሚጎዳው ግን ውርጩ ሳይሆን የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት፣ በስንጥቅ የሚገባ ነፋስና የራሱ ሽንት ሽታ ነው። ሦስቱ ሲገናኙ የሳንባ በሽታ ይይዛቸዋል። ሰዎች ብርድ ፈርተው ቤቱን በላስቲክ ይደፍኑታል፤ ሽታው ታፍኖ ይቀርና ጥንቸሉ ያስነጥሰዋል፣ አፍንጫው ይዝረከረካል። ነፋስ የሚመጣበትን ጎን ዝጋ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን ክፈት፣ ከጣሪያው ሥር ትንሽ መተንፈሻ ተው።

ብርድ የሚያሰጋው ለተወለዱት ብቻ ነው። ጸጉር ሳያወጡ፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ነው የሚወለዱት፤ ዓይናቸው የሚከፈተው በ10 ቀን አካባቢ ነው። እስከዚያ ጎጇቸው ውስጥ 30 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋሉ። እርግዝናው 31 ቀን ነው። በ28ኛው ቀን እናቲቱ ገብታ መዞር የምትችልበት የእንጨት ሳጥን አስገባላት፣ ደረቅ ጭድ ሙላበት፤ የቀረውን የራሷን ደረት ጸጉር ነጭታ ትጨርሰዋለች። ጎጆዋን እየነካካህ አታስጨንቃት። በቀን አንዴ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የምታጠባው፤ ብዙ ጀማሪ «ልጆቿን ጣለቻቸው» ብሎ የሚደነግጠው ይህን ስለማያውቅ ነው። ጠዋት ገልጠህ እያቸው፤ ሆዳቸው ወጠር ካለ ጠብተዋል፤ ከተሸበሸበ አልጠቡም።

ስታጠቃ (ከወንድ ስታገናኝ) ሴቷን ወደ ወንዱ ቤት ውሰዳት፤ ወንዱን ወደ እሷ ከወሰድከው ቤቴን ተደፈርኩ ብላ ትነክሰዋለች። እንደ ላም ድራት አትጠብቅም፤ እንቁላሏ የሚለቀቀው ስትጠቃ ነው። የመጀመሪያውን ከ5 እስከ 6 ወር ሲሞላት አድርገው። ወንዱን ደግሞ ከሌላ ቤት ግዛ፤ ወንድምና እህት አብረው አይራቡ።

የመሬቱንና የሽቦውን ጉዳይ ማታ እጽፋለሁ፤ ሥራ ላይ ነኝ።

የአንኮበር ጓሮ
አንተ ልጅ፣ ስለ መኖው እኔ ልንገርህ፤ ጥንቸል ቤቴ ውስጥ ኖሯል።

ሣር ብቻ በልተው ያድጋሉ ወይ ላልከው፣ ያድጋሉ፤ ግን ቀስ ብለው ነው። የፋብሪካ መኖ የሚበላው ከ10 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ለእርድ ሲደርስ በሣርና በድርቆሽ ያደገው 4 ወር፣ አንዳንዴም 5 ወር ይፈጃል። መቸኮል ካማረህ ይህ ሥራ ይቅርብህ። የምታጠባ እናት ግን በሣር ብቻ አትበቃም፤ ትከሳለች፣ ወተቷም ይቀንሳል። ለእሷ እፍኝ ገብስ፣ ፉርሽካ፣ የባቄላ ገለባ ጨምርላት። ውሃ ደግሞ አትሰስት፤ ልጆች ይዛ በቀን ከሊትር በላይ ልትጠጣ ትችላለች። ውርጭ ባለበት ጠዋት ውሃው በረዶ ሠርቶ ካገኘኸው ሰብረህ ለብ ያለ ጨምርበት።

ዋናው ምግብ ድርቆሽ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወጥ ነው። ሰርዶ፣ ሲናር፣ ማገጥ ጥሩ ነው። ማገጥና አልፋልፋ ግን ጤዛ ሳለ አጭደህ እንዳትሰጥ፤ ሆዳቸው ይነፋል፣ ጥንቸል ደግሞ እንደ በግ አያገሳም፣ የበላውንም አይመልስም። ጥላ ላይ በትነህ ጠውለግ ይበል። ትሪ ሉሰርኑን ቅጠሉንም ቅርንጫፉንም ስጣቸው፣ ግን ከሣር ጋር ደባልቀህ። ጥርሳቸው ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ የሚያኝኩት እንጨት ይፈልጋሉ፤ እኔ ከወንዝ ዳር አኻያ እየቆረጥኩ እሰጣቸው ነበር። የካሮት ቅጠል ይወዳሉ። ጎመን ሲበዛ ያስቀምጣቸዋል።

የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ የአቮካዶ ቅጠል፣ ጉሎ፣ አስተናግር እንዳይደርሳቸው። ሻጋታ የያዘ ድርቆሽ ደግሞ ከእነዚህ አይተናነስም። ክረምት ላይ ቤት ውስጥ ከርሞ የረጠበ ድርቆሽ ካለህ ለማዳበሪያ አድርገው።

አዲስ ቅጠል በአንድ ቀን አትቀይርባቸው፣ በሳምንትም ቢሆን እያላመድክ ነው። በተለይ ጡት የተዉ ሰሞን።

የጓሮ ሐኪም
በተፈጥሮ መንገድ ካሰብክ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠህ ከጤና አዳም ጋር ውሃቸው ውስጥ አድርግ። የሆድ ትሉን፣ ተቅማጡን ሁሉ ያጠፋል። አያቶቻችን በዚህ ነበር የሚያክሙት።

ሀኪመ ከብት
ማታ ብዬ ነበር፤ ይህን አይቼ ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ወንድሜ የጓሮ ሐኪም፣ አያቶቻችን ጥንቸል አላረቡም። ሽንኩርት ቀዩም ነጩም የጥንቸልን ደም ያበላሻል፤ ቀይ የደም ሕዋሱን ይሰብረዋል። ጤና አዳም ደግሞ ጽንስ ያስወርዳል፤ ለእርጉዝ እንስሳ አይቀርብም። ከተፈጥሮ ስለመጣ ብቻ የማይጎዳ የለም፤ ጉሎም የተፈጥሮ ነው።

ያለ መድኃኒት ማሳደግ የሚቻለው ሌላ ቅጠል በመተካት ሳይሆን በሽታው የሚራባበትን መንገድ በመዝጋት ነው። የጥንቸል ትልቁ ጠላት ኮክሲዲዮሲስ የሚባል፣ በዓይን በማይታይ ተውሳክ የሚመጣ በሽታ ነው፤ በተለይ ከጡት ከተለዩ በኋላ እስከ 3 ወር። ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የጸጉር መጎፈር፣ ከዚያ ሞት። የተውሳኩ ዘር ከፋንድያው ጋር ይወጣል፤ ግን ወዲያው አያጠቃም። እርጥበት አግኝቶ አንድ ሁለት ቀን መብሰል አለበት። ስለዚህ ፋንድያው በየቀኑ ከእግራቸው ሥር ከተወገደና ወለሉ ደረቅ ከሆነ ዑደቱ ይቆረጣል። በበረኪና አጠብኩት ብለህ ደግሞ አትዘናጋ፤ ይህ ዘር በረኪናን ይችላል። የሚገድለው የፈላ ውሃና ጠራራ ፀሐይ ነው።

እዚህ ጋ መሬት ወይስ ሽቦ የሚለው ጥያቄህ ይመለሳል። መሬት ላይ ተለቀው ማደጋቸው ለዓይንም ለእነሱም ደስ ይላል፤ ይዘላሉ፣ ይቆፍራሉ። ግን በቁፋሮው ከአጥሩ ሥር ወጥተው ጎረቤት ጎመን ውስጥ ታገኛቸዋለህ፣ ፋንድያውም ከሚበሉት ሣር ጋር ይደባለቃል። ደረቅ አገር ቢሆን እሺ እልህ ነበር። በደብረ ብርሃን ክረምት ግን አልመክርህም። እኔ ብሆን እናቶቹንና ወንዱን ከመሬት ከፍ ባለ ቤት አኖራለሁ፤ ወለሉ ፋንድያውን የሚያሳልፍ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት፣ አንዱ ጥግ ላይ ግን የሚያርፉበት ጣውላ፣ እግራቸው እንዳይቆስል። ጡት የተዉትን ደግሞ በበጋ ወለል በሌለው፣ በሚነሳና በሚቀመጥ አጥር ሣር ላይ አሰማራቸዋለሁ። አጥሩን በየቀኑ ወደ አዲስ ሣር ታዛውራለህ፣ ወደ አሮጌው ቦታ ለረጅም ጊዜ አትመለስም። ክረምት ሲገባ ወደ ላይ ይመለሳሉ።

ሌላው የጆሮ እከክ ነው። ጆሯቸው ውስጥ ቡናማ ቅርፊት ካየህ የምግብ ዘይት ጠብ አድርግበት፤ ቅርፊቱን በጥፍርህ አትላጥ። ነፍሳቱን ዘይቱ ያፍናቸዋል፤ እንቁላሉ ስለሚቀር ግን ለጥቂት ሳምንታት ደጋግመው። ይህ እንግዲህ ከቤት መድኃኒት የምስማማበት ነው።

የራሳቸውን ለስላሳ ፋንድያ ከቂጣቸው እየተቀበሉ ሲበሉ ብታይ በሽታ አይደለም። እንደ ማመስኳት ነው፤ ያለሱ አይኖሩም።

ጠባሴ ሰፈር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር (ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው)። እትዬ አንኮበር፣ አሁንም አሉዎት? ለዘር የሚሆን ሴት ብገዛዎትስ?

የአንኮበር ጓሮ
የሉኝም ልጄ። የማረባው መንገድ ሥራ ላይ ለነበሩ የውጭ ሰዎች ነበር፤ ያለሁበት ድረስ መጥተው ከነነፍሱ ይወስዱ ነበር። ሥራው አለቀና ሄዱ። ጥንቸሉ ግን መውለዱን አያቆምም። አስበው፤ አንዲት እናት ሳትጨናነቅ በዓመት 5 ጊዜ ብትወልድ፣ በአንዱ 6 ቢያድጉላት 30 ነው። ሁለት እናት ካለችህ 60። በግ ቢሆን ሳይሸጥ ይከርማል፣ ለፋሲካ ይደርሳል፣ ቢጠፋ ጎረቤት ይቀራመተዋል። ጥንቸልን ለማን ትሰጠዋለህ? ለቅርጫ አይገባ። እኔ አልበላው፣ ልጆቼ አይበሉት።

ደግሞ የማትሰማው ወሬ አለ። ወተትና እንቁላል እሸጥ ነበር፤ «እዚያ ቤት ጥንቸል ይታረዳል» ተባለና ሰዎች ዕቃዬን ስለተጠየፉ የሚገዙኝ ቀነሱ። እቤቴ ታርዶ አያውቅም ነበር።

ያተረፍኩት ፋንድያውን ነው። እንደ ዶሮ ኩስ ተክል አያቃጥልም፣ ሳታበሰብሰው በቀጥታ መደብ ላይ ትበትነዋለህ። ነጭ ሽንኩርቴ እንደዚያ ዓመት ሆኖ አያውቅም።

ዲያቆን ነኝ
ስድብ አላመጣሁም፣ ወንድማችን። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ጥንቸል የማይበላ ነው፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከሽኮኮ ጋር ተጠቅሷል፣ ሰኮናው ስላልተሰነጠቀ። ማርባትህን በተመለከተ እዚህ ከምትከራከር የንስሐ አባትህን ጠይቅ፤ እኔ በሰው ቤት ገብቼ አልፈርድም። የእትዬን ቃል ግን አጽናለሁ። ሰዉ የሚሸሸው እንስሳውን ሳይሆን ድስቱንና ቢላውን ነው። እቤትህ አትረድ፤ ከቤትህ ዕቃም አንድም አይነካካው። ለሠራተኛህም አስቀድመህ ንገራት፤ ሳታውቅ ገብታ ኋላ ብትሰማ ግፍ ነው።

ሞላሌ ዳገት
እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፦ ጓሣ ላይ ያለውን የዱሩን ጥንቸል ይዞ ማልመድ አይቻልም? መግዛት ይቀራል።

ሀኪመ ከብት
አይቻልም ሞላሌ። የደጋው የዱር ጥንቸል ሌላ እንስሳ ነው፤ ከእርባታው ጋር አይዋለድም። የሱ ልጆች ጸጉራቸውን ለብሰው፣ ዓይናቸው ተከፍቶ ነው የሚወለዱት፤ ጉድጓድ አይቆፍርም፣ በአጥር ውስጥም በድንጋጤ ሊሞት ይችላል። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ፍጥረት ነው። ጓሣን ደግሞ የመንዝ ሰው ራሱ ስንት ዘመን በቄሮ (የጋራ መሬትን በማኅበር የመጠበቅ) ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ቦታ ነው፤ አንተ ልትነግረን ሲገባ!

ሞላሌ ዳገት
ቀልዴን ነው። ጓሣ ገብቼ ብይዝማ የአገሩ ሰው ራሴን ያስረኝ ነበር።

ቀወት ማንጎ
አሰላሙ ዐለይኩም። ሸዋ ሮቢት ነኝ። እኛ ዘንድ ጥንቸል ሐላል ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተላከላቸውን የጥንቸል ሥጋ መቀበላቸው በሐዲስ አለ። በልምድ ግን የኛም ሰው ብዙ አይበላም፤ ነውር ስለሆነ ሳይሆን ስላልለመደ። እኔ በልቼዋለሁ፣ የዶሮ ሥጋ ይመስላል፣ ስብ የለውም፣ ስለዚህ ዘይት ወይም ቅቤ ካልገባበት ይደርቃል። በርበሬና ሽንኩርት በዝቶበት ቀስ ብሎ ሲበስል ጥሩ ነው።

እዚህ ለማርባት አሰብኩና የተውኩት በሙቀቱ ነው። እንዴት ታዩታላችሁ?

ሀኪመ ከብት
ወዐለይኩሙሰላም። መተውህ አያስገርምም። ጥንቸል አያልበውም፤ ሙቀት የሚያስወጣው በጆሮው ነው። 30 ዲግሪ ሲያልፍ መብላት ይቀንሳል፣ ወንዱ ደግሞ ለጊዜው ይመክናል፤ ሙቀቱ ካለፈ በኋላም ዘሩ እስኪታደስ ሁለት ወር ገደማ ሊፈጅ ይችላል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በግንቦት ምን እንደምትመስል አንተ ታውቃለህ። ወፍራም የሣር ጣሪያ፣ የዛፍ ጥላ፣ በረዶ የሆነ የላስቲክ ጠርሙስ አጠገባቸው ማስቀመጥ ይረዳል፤ ግን በየቀኑ ይህን ከማድረግ ደጋ ላይ ያደገውን ገዝቶ ማረድ ይቀላል።

ጠባሴ ሰፈር
ቀወት፣ እንግዲያው ገዢዬ አንተ ነህ ማለት ነው?

ቀወት ማንጎ
በወር ጥቂት፣ ከነነፍሱ ከሆነ አዎ። እርዱን እኛው እናደርጋለን። ለዘመዶቼም አስቀምሳለሁ፤ ከወደዱት ይጨምራል፣ ካልወደዱት እኔ ብቻዬን ነኝ። ቃሌን አክብሬ የምናገረው ይህን ያህል ነው።

ሼፍ ከቦሌ
አዲስ አበባ ወጥ ቤት እሠራለሁ። ፈላጊ አለ፤ ግን ጥቂት ነው፣ ቋሚም አይደለም። እኛ የምንፈልገው ወጣት ጥንቸል ነው፤ ከነነፍሱ 2 ኪሎ ገደማ፣ ሲታረድ ከግማሹ ትንሽ የሚበልጥ ሥጋ ይወጣዋል። በሣር ያደገ ጠንከር ይላል፤ ቀስ ብሎ ከበሰለ ግን ጣዕሙ የተሻለ ነው፣ ይህን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ መሸጫ ተጠቀምበት። ችግሩ የሥጋ ምርመራ ማረጋገጫና ደረሰኝ ነው። ያለሱ የሚቀበል ወጥ ቤት ካገኘህ ነገ ጥሎህ የሚሄድ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር በማቀዝቀዣ ለጥቂት ጥንቸል ማመላለስም ነዳጁን አይሸፍንም።

መጠየቅ ያለብህ ስንት ማርባት እችላለሁ ሳይሆን ስንት በየወሩ የሚወስደኝ አለ የሚለውን ነው። መልሱን ካገኘህ በኋላ ሽቦ ግዛ።

የአንኮበር ጓሮ
የልቤን ተናገርክ።

የጓሮ ሐኪም
የነጭ ሽንኩርቱን ነገር አነበብኩ፤ ለዶሮ ሰጥቼ አውቃለሁ፣ ለጥንቸል ግን አላውቅም ነበር። ሆኖም በየመንደሩ ባለሙያ በማይደርስበት ቦታ ሰው የቤት መድኃኒት ቢጠቀም አትፍረዱበት።

ሀኪመ ከብት
አልፈርድም። የቤት መድኃኒትህን ከመስጠትህ በፊት ጠይቀኝ ነው የምለው። መልስ ገንዘብ አያስከፍልም።

ጠባሴ ሰፈር
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሳቤን ቀነስ አደረግኩት። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻ ልጀምር፤ ቀወት የሚወስደውን ያህል ብቻ እንድትወልድ በዚያ ልክ አጠቃታለሁ። የእትዬን ስሌት ሳየው በሁለት እናት ብጀምር የት አደርሰው ነበር? ሣሩ የማይበቃ መስሎኝ ነበር የፈራሁት፤ ሰዉ ነው የማይበቃው። እርባታውን ከመኖሪያ ቤቱ ነጥዬ አጥሩ ጥግ ላይ ልሠራው ነው፣ ቢላም ድስትም አይገባበትም። ፋንድያው ለእናቴ ጎመን።

አንድ የቀረኝ፦ ሸለምጥማጥና ድመት ይበዛብናል። የዶሮ ሽቦ ይበቃል?

ሀኪመ ከብት
አይበቃም። የዶሮ ሽቦ ዶሮን ያግዳል እንጂ ሸለምጥማጥን አያግድም፤ ይበጥሰዋል። ጠንካራ፣ ቀዳዳው ጠባብ የሆነውን የተበየደ ወንፊት ተጠቀም፤ አይጥም እንዳይገባ፣ አይጥ አዲስ የተወለዱትን ይጨርሳል። የቤቱን እግሮች ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁማቸው፣ ጉንዳን ይመጣል።

ቀወት ማንጎ
ስትልክልኝ በሌሊቱ መኪና ይሁን፣ ቁልቁለቱን ሳይሞቅ ይውረዱ። አየር የሚያስገባ ሳጥን እንጂ ማዳበሪያ ከረጢት አይሁን። ጣርማ በር ላይ ጉም ካለ መኪናው ስለሚዘገይ ትንሽ እርጥብ ሣር አብረህ አድርግላቸው፤ ጣቢያ ወጥቼ እቀበላለሁ።

ጠባሴ ሰፈር
ይሁን። ግልገሎቹ ሲደርሱ እዚሁ እጽፍልሃለሁ፤ እስከዚያ ለዘር የሚሆን ጤነኛ ወንድ ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።